ቀጠሮ ያለፈባቸው አጎቴ፦ ዋራንት (የመያዣ ትዕዛዝ) መውጣቱን ሳይያዙ እንዴት እናጣራ? ካለስ እንዴት ይነሳል? (ሜሪላንድና ቨርጂኒያ)

የታኮማው

ሰላም ለቤቱ። ስለ አጎቴ ነው የምጠይቀው። ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ መንጃ ፈቃዳቸው ታግዶ ሲነዱ ተገኙ ተብሎ ቲኬት ተጽፎባቸው ነበር። ቲኬቱ ላይ የሚከፈል ገንዘብ አልተጻፈም፤ ፍርድ ቤት መቅረብ ግዴታ ነው ይላል። የቀጠሮው ደብዳቤ በድሮው አድራሻ ሄዶ ቀኑ አለፈ። ቨርጂኒያ ውስጥም አውራ ጎዳና 95 ላይ በፍጥነት የተጻፈባቸው አንድ ቲኬት አለ፤ የእሱም ቀን ሳያልፍ አልቀረም።

ግሪን ካርድ አላቸው፣ የዜግነት ማመልከቻም ገብቷል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱበት ትኬት ተቆርጧል።

አንዱ «ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ» ይላል። ሌላው «ኦንላይን ይከፈልና ያልቃል» ይላል። ሦስተኛው «ትንሽ ነገር ስለሆነ በጊዜ ብዛት ይጠፋል» ብሎናል። የትኛው ነው ልክ? የምታውቁ ብትጽፉልን።

---

ዶኬት አንባቢ

ሦስቱም ልክ አይደሉም።

ቤንች ዋራንት ማለት እኛ አገር ዳኛው መዝገቡ ላይ «ተይዞ ይቅረብ» ብሎ የሚያዘው ነው። ያወጣው ዳኛ ስለሆነ የሚያነሳውም ዳኛ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቢጠይቁ የተረኛው ኮምፒውተር ስማቸውን ያወጣና እዚያው ይይዟቸዋል፤ ፖሊሱ ትዕዛዙን የመፈጸም እንጂ የማንሳት ሥልጣን የለውም። መቅረብ ግዴታ የሆነበት ቲኬት ደግሞ ኦንላይን የሚከፈልበት መንገድ የለውም። የሚከፈል ቢሆን እንኳ ገንዘቡ ቅጣቱን እንጂ ዋራንቱን አይዘጋም። በጊዜ ብዛት ይጠፋል የሚለው ከሁሉ የከፋው ነው። አሥር ዓመት ቢቆይም መብራት ጥሰው ሲቆሙ ብቅ ይላል።

ሜሪላንድን ከቤት ሆናችሁ እንዲህ አጣሩ። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ (ኤምዲኮርትስ ዶት ጎቭ) ላይ «ኬዝ ሰርች» የሚባል አለ። ነፃ ነው፣ አካውንት አይጠይቅም፤ መጀመሪያ የሚመጣውን የስምምነት ገጽ ተቀብላችሁ ትገባላችሁ። ቲኬቱ እጃችሁ ላይ ካለ በቲኬቱ ቁጥር ፈልጉ፤ ስህተት የማይገባበት እሱ ነው። ከሌለ በስም ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ፖሊሱ ስም የሚጽፈው መንጃ ፈቃዱ ላይ ካየው ነው። የአባት ስም «ላስት ኔም» ላይ ይገባል፣ የአያት ስም አንዳንዴ ከአባት ስም ጋር ተጣብቆ አንዳንዴም ተቆርጦ ይገባል። አንዳንዱ መዝገብ ላይ የሰውየው ስምና የአባቱ ስም ተገለባብጦ ይገኛል። ስለዚህ በአባት ስም ፈልጉ፣ በአያት ስም ፈልጉ፣ ገልብጣችሁም ፈልጉ። ፊደሉንም ቀያይሩ፦ «ጸ» በ«ቲ ኤስ» ወይም በ«ኤስ» ብቻ፣ «ቀ» በ«ኪው» ወይም በ«ኬ»፣ መጨረሻው «ዬ» የሆነ ስም በ«ዋይ ኢ» ወይም በ«አይ ኢ»። በአንዱ አጻጻፍ «ምንም አልተገኘም» የሚለውን አይታችሁ እፎይ አትበሉ።

መዝገቡ ሲከፈት ላይኛውን ክፍል ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። ወደ ታች ውረዱና በየቀኑ የተደረገው የተመዘገበበትን ዝርዝር አንብቡ። የቀጠሮው ቀን መስመር አለ፤ ቀጥሎ «ኤፍቲኤ» (አለመቅረብ ማለት ነው)፣ ከዚያ «ቤንች ዋራንት» እና «ኢሹድ» ካለ ወጥቷል ማለት ነው። ከሥሩ «ሪኮልድ» ወይም «ኳሽድ» ካለ ተነስቷል፣ «ሰርቭድ» ካለ ሰውየው ተይዞበታል። የመጨረሻው መስመር «ኢሹድ» ከሆነ ትዕዛዙ እየሠራ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ኬዝ ሰርች ሁሉን አያሳይም። በአዲስ ክስ የወጣ የእስር ማዘዣ ሰውየው እስኪያዝ ድረስ ከሕዝብ ሊሰወር ይችላል፤ ቀጠሮ በመቅረት የወጣው ቤንች ዋራንት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይታያል። ሁለተኛ፣ የፍትሐ ብሔሩንም ክፍል እዩ። የዕዳ ክስ ተከሶ ለምርመራ ተጠርቶ የቀረ ሰው፣ ወይም የልጅ ቀለብ ቀጠሮ የቀረ ሰው «ቦዲ አታችመንት» የሚባል ይወጣበታል። ስሙ ሌላ ነው፣ ሥራው ግን ያው መያዝ ነው።

በኦንላይን ካያችሁ በኋላ ለዲስትሪክት ኮርቱ ክለርክ (የመዝገብ ቤት ሠራተኛ) ደውላችሁ አረጋግጡ። ክለርክ ፖሊስ አይደለም፤ ስልክ ስለደወላችሁ ሰው አይልክም። የመዝገቡን ቁጥር ስጡና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዋራንቱ አሁንም አለ ወይ፣ ዳኛው የዋስ መጠን ጽፎበታል ወይ፣ መዝገቡ የሮክቪሉ ነው ወይስ የሲልቨር ስፕሪንጉ ችሎት። እንግሊዝኛው ካስቸገረ «አምሃሪክ» በሉ፤ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። ክለርኩ የሕግ ምክር ስለማይሰጥ «ምን ባደርግ ይሻላል» ብላችሁ አትድከሙ።

---

ሮክቪል ፓራሊጋል

ከላይ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ማንሳቱ ልቀጥል።

ሁለት መንገድ አለ፦ ሳይያዙ በጽሑፍ ማስነሳት፣ ወይም ራስን ማስረከብ። መጀመሪያ የሚሞከረው የጽሑፉ ነው።

ለዳኛው የሚጻፈው «ሞሽን» ዋራንቱ ይነሳልኝ የሚል ማመልከቻ ነው። ጠበቃ ካለ ጠበቃው በኮምፒውተር ያስገባዋል፤ ጠበቃ የሌለው በወረቀት ጽፎ ለክለርኩ ይሰጣል። አንድ ገጽ ይበቃል። ላይኛው ላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ «ስቴት ኦፍ ሜሪላንድ» ከሳሽ፣ የእሳቸው ስም ልክ መዝገቡ ላይ እንደተጻፈው (በፓስፖርታቸው እንዳለው ሳይሆን)፣ የመዝገብ ቁጥር። ሥሩ ላይ፦ በዚህ ቀን ቀጠሮ ነበረኝ፤ ደብዳቤው ወደ ቀድሞ አድራሻዬ ስለሄደ አልደረሰኝም፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ የምኖረው እዚህ ነው፤ ዋራንቱ ተነስቶ አዲስ ቀጠሮ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፤ እቀርባለሁ። ስልክ፣ ፊርማ፣ ቀን።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚረሳው አለ። የማመልከቻው ቅጂ ለስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ መላኩን የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከቀንና ከፊርማ ጋር፣ መጨረሻ ላይ መኖር አለበት፦ «የዚህን ቅጂ በዚህ ቀን ለስቴት አተርኒ ቢሮ በፖስታ ልኬያለሁ።» በሜሪላንድ ደንብ ይህ የሌለውን ጽሑፍ ክለርኩ መቀበል የለበትም። ጥሩ ተጽፎ በዚህች አንዲት መስመር የሚመለስ ወረቀት ብዙ ነው። ቅጂውንም በእርግጥ ላኩት።

ማስረጃ አያይዙ። የኪራይ ውሉ መጀመሪያ ገጽና ቀን ያለበት የፊርማ ገጹ፣ የፖስታ ቤት የአድራሻ ለውጥ ማረጋገጫ፣ በአዲሱ አድራሻ የመጣ የመብራት ቢል። ሆስፒታል የነበረ ሰው የገባበትና የወጣበት ቀን ያለበትን ወረቀት። አገር ቤት የነበረ ሰው የፓስፖርቱን ማህተም።

ማመልከቻው ውስጥ መጻፍ የሌለበትም አለ። «መንጃ ፈቃዴ መታገዱን አውቅ ነበር፣ ግን ሥራ ስለነበረብኝ ነዳሁ» ብሎ መለማመጥ። እኛ ጋ ሲለምኑ ጥፋትን አምኖ መለመን ልማድ ነው፤ እዚህ ግን ያ ዓረፍተ ነገር የእምነት ቃል ሆኖ መዝገቡ ውስጥ ይቀመጣል። ማመልከቻው ለምን እንደቀሩ ብቻ ይናገር፤ ለምን እንደነዱ የሌላ ቀን ጉዳይ ነው።

ማስገባቱ በራሱ ዋራንቱን አያቆመውም። ዳኛው እስኪፈርም ድረስ ትዕዛዙ ይሠራል፤ በመሃል ቢያዙ «ማመልከቻ አስገብቻለሁ» ማለት አያስለቅቅም። በየጠዋቱ ኬዝ ሰርች እዩ፤ ሳምንት ካለፈ ክለርኩን ጠይቁ። ዳኛው አንስቶ አዲስ ቀን ሊሰጥ ይችላል። ሊከለክልም ይችላል፤ በተለይ ከዚህ በፊት ቀርተው ከሆነ። ያኔ ሁለተኛው መንገድ ይመጣል።

ራስን ማስረከብ ከመያዝ የሚለየው ሰዓቱን እናንተ መምረጣችሁ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ በጠዋት። ዓርብ ከሰዓት በፍጹም አይሁን፤ ኮሚሽነሩ (የተያዘ ሰው ይለቀቅ አይለቀቅ የሚለውን መጀመሪያ የሚወስነው የፍርድ ቤት ሹም) ካልለቀቃቸው ዳኛ የሚያገኙት ችሎት በሚቀጥለው ጊዜ ሲሰየም ስለሆነ ቅዳሜና እሑድን እዚያው ያሳልፋሉ። በሜሪላንድ የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ኮሚሽነር ፊት ይቀርባል፤ ኮሚሽነሮች ሌሊትም በዓልም ይሠራሉ። አሻራና ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ ኮሚሽነሩ በፊርማ ብቻ ይለቃል፣ ወይም ዋስ ይጠይቃል፣ ወይም ያቆያል። አቅም ለሌለው ሰው ኮሚሽነሩ ፊት በነፃ የሚቆም ጠበቃ አለ፤ «ጠበቃ እፈልጋለሁ» ይበሉ እንጂ ነገሩን ለመጨረስ ብለው መብታቸውን በፊርማ አይተዉ።

ከ2017 ጀምሮ ባለው የሜሪላንድ ደንብ ኮሚሽነሩም ዳኛውም ከገንዘብ ዋስ በፊት ሌላ ሁኔታ ማየት አለባቸው። ራሱ የመጣ፣ ቋሚ አድራሻ ያለው፣ የሚሠራ ሰው በፊርማ የመለቀቅ ዕድሉ ጥሩ ነው። ስለዚህ የኪራይ ውልና የደመወዝ ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ገንዘብ ከተጠየቀ ቤይል ቦንድስማን (በክፍያ ዋስ የሚሆን ነጋዴ) ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ለፍርድ ቤቱ በቀጥታ ማስያዝ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ፍርድ ቤት የተያዘ ገንዘብ ሰውየው ከቀረበ ይመለሳል፤ ቦንድስማኑ የሚወስደው ክፍያ ግን ነፃ ቢወጡም አይመለስም።

ይዘው የሚሄዱት፦ መታወቂያ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ዝርዝር ከነመጠኑ፣ የሁለት ሰው ስልክ ቁጥር በወረቀት (ስልካቸው ስለሚወሰድ በቃል የሚያውቁት ከሌለ ችግር ነው)። የአንገት ሐብልና ቀለበት ቤት ይቅር። እና እባካችሁ፣ በታገደ መንጃ ፈቃድ ራሳቸው እየነዱ እንዳይሄዱ! የፍርድ ቤቱ ፓርኪንግ በፖሊስ የተሞላ ነው።

ዋራንቱ ሲነሳ ነገሩ አላለቀም። ክሱ እንዳለ ነው። ከክለርኩ ማህተም ያለበት ቅጂ (እነሱ «ትሩ ቴስት ኮፒ» ይሉታል) ውሰዱና መኪናው ውስጥ አስቀምጡት። ፍርድ ቤቱ ዛሬ ያነሳው በፖሊሱ ኮምፒውተር ላይ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል፤ በዚያ መሃል መንገድ ላይ ቢቆሙ የሚያድናቸው ያ ወረቀት ነው።

እስከ አዲሱ ቀጠሮ ድረስ ደግሞ መንጃ ፈቃዱ ለምን እንደታገደ ከኤምቪኤ (የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) አጣሩና አስነሱት። የተስተካከለ ፈቃድ ይዞ የቀረበን ሰው ዐቃቤ ሕጉ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው።

የመንግሥት ጠበቃ (ፐብሊክ ዲፌንደር) ማመልከቻው የሚወሰደው በኮሚሽነሮች ቢሮ ነው። የገቢ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ከቀጠሮው ዋዜማ ሳይሆን ቀኑ እንደታወቀ ሂዱ።

---

መስመር 95

ቨርጂኒያን እኔ ልመልስ፤ አሠራሩም ቃሉም ሌላ ነው።

እዚያ የመያዣ ትዕዛዙ «ኬፒያስ» ይባላል። መዝገብ ላይ «ዋራንት» የሚል ቃል ፈልጎ ያጣ ሰው የለብኝም ብሎ ይሄዳል።

መጀመሪያ ግን ኬፒያስ መውጣቱን ከመፍራታችሁ በፊት የቲኬቱን ዓይነት እዩ። የቨርጂኒያ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርቶች የመዝገብ መፈለጊያ በኦንላይን በነፃ አለ። መዝገቡ ላይ «ኢንፍራክሽን» ወይም «ሚስዲሚነር» (ቀላል ወንጀል) የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ኢንፍራክሽን ከሆነ ተራ የፍጥነት ቅጣት ነው፤ ሰውየው ባይቀርብ በሌለበት ይፈረድበታል፣ ቅጣትና የችሎት ወጪ ይመጣል፣ ያልቃል። ሚስዲሚነር ከሆነ «ሬክለስ ድራይቪንግ» ነው። ከተፈቀደው 20 ማይል በላይ ያለፈ፣ ወይም ወሰኑ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው ሬክለስ ይባላል። ወሰኑ 70 በሆነበት የ95 ክፍል 86 የነዳ ሰው 16 ማይል ነው ያለፈው፣ ግን ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። የሜሪላንድና የዲሲ ሾፌር ይህን እንደ ተራ ቲኬት ነው የሚያየው።

በሚስዲሚነር ሳይቀርቡ ከቀሩ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ደግሞ ሰዓት አለው።

አንደኛው፣ ዳኛው በሌሉበት ፈርዶባቸዋል። ይህ ዋራንት አይደለም፣ ፍርድ ነው። ከፍርዱ ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ወደ ሰርኪት ኮርት ይባላል፤ ጉዳዩ እዚያ እንደ አዲስ ይታያል። 10ሩ ካለፈ በ60 ቀን ውስጥ እዚያው ለፈረደው ፍርድ ቤት መዝገቡ ይከፈትልኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ መክፈቱ የዳኛው ፈንታ ነው። 60ው ካለፈ በሩ በጣም ይጠባል። ስለዚህ ይህን መዝገብ ዛሬ ማታ እዩት፣ ነገ አትበሉ።

ሁለተኛው፣ ኬፒያስ ወጥቷል። ያኔ «አለመቅረብ» ራሱ ሌላ ክስ ሆኖ ሊጨመር ይችላል። በሚስዲሚነር ጉዳይ ሆን ብሎ የቀረ ሰው ክሱ ክላስ አንድ ሚስዲሚነር ነው፣ ቅጣቱም እንደ ሬክለሱ እስከ 12 ወርና 2,500 ዶላር። ሕጉ ሆን ተብሎ የሚል ቃል ስላለበት ደብዳቤው አለመድረሱን የሚያሳይ ወረቀት እዚህ ላይ ከሁሉም ይበልጥ ይሠራል። ችግሩ ቨርጂኒያ ውስጥ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊሱ በሰጠው ወረቀት ላይ ነው የሚጻፈው። ሰውየው ከፈረመበት በኋላ «ደብዳቤ አልደረሰኝም» ማለት አይሠራም። ቲኬቱን ፈልጉና ቀን አለበት የለበትም እዩ።

ማጅስትሬቱ (ዋስትና የሚወስነው የፍርድ ቤት ሹም) ቀን ከሌት ይሠራል፤ ኬፒያስን ግን አይሰርዝም። እሱ ጋ የሚኬደው ወረቀቱ ተሰጥቷቸው፣ በፊርማም ይሁን በዋስ ወጥተው፣ አዲስ ቀን ለመያዝ ነው። እንዲሰረዝ የሚጠየቀው ዳኛው ነው። በቨርጂኒያ ለዚህ ጉዳይ የዚያው አካባቢ ጠበቃ መያዝ ይሻላል፤ ብዙ ሚስዲሚነር ላይ እሱ ማመልከቻውን ችሎት ላይ ያስመዘግበዋል።

አንድ የአድራሻ ወጥመድ አለ። ፖስታችሁ «አሌክሳንድሪያ» ስለሚል መዝገቡ አሌክሳንድሪያ ከተማ ፍርድ ቤት ነው ማለት አይደለም። አሌክሳንድሪያ የሚል አድራሻ ያለው ሰፊ ቦታ የፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ወሳኙ ቲኬቱ የተጻፈበት ቦታ ነው፣ እሱም ወረቀቱ አናት ላይ ተጽፏል። ቲኬቱ ከጠፋ ፌርፋክስ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፕሪንስ ዊልያም፣ ስታፎርድ እያላችሁ አንድ በአንድ ፈልጉ።

ያልተከፈለ ቅጣት በቨርጂኒያ ከ2020 ወዲህ መንጃ ፈቃድ አያሳግድም። ዕዳው ግን ይቆያል፣ ወደ ሰብሳቢ ይሄዳል።

---

አስተርጓሚ ነኝ

ጽሑፉን ሳነብ ማንም ያላነሳው፦ የልደት ቀን። በስደተኝነት የገባ ብዙ የእኛ ሰው ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ነው። ስሙ ተመሳሳይ፣ የአባት ስም ተመሳሳይ፣ ቀኑም ጃንዋሪ 1፤ ዓመቱ ከገጠመ ኮምፒውተሩ አንድ ሰው ነው ይላል። መዝገቡ ላይ የሚታየውን መለያ ሁሉ (ቁመት፣ አድራሻ፣ መኪና) አመሳክሩ። የሌላ ሰው ዋራንት ከሆነ የሚለየው አሻራ ነው፤ በቃል ተከራክሮ ማሳመን አይቻልም። በጠበቃ በኩል ሄዳችሁ በጽሑፍ ማረጋገጫ እስክታገኙ አትረፉ፤ አለበለዚያ በቆሙ ቁጥር ይደገማል።

ችሎት ላይ የወንድም ልጅ አስተርጓሚ መሆን አይችልም፤ ፍርድ ቤቱ በነፃ ያቀርባል። በሜሪላንድ ቅጹ «ሲሲ-ዲሲ-041» ነው፤ ከቀጠሮው ቢያንስ 30 ቀን በፊት ይገባል። ጊዜው ካጠረም አስገቡ። «እንግሊዝኛ ትንሽ እችላለሁ» ብሎ ያለ አስተርጓሚ መቆም ግን አደጋ ነው፤ ዳኛው መብት ሲያነብ «የስ፣ የስ» እያሉ የተዉትን መብት በኋላ ማስመለስ ይከብዳል።

ሌላው ስልክ ነው። «ከሸሪፍ ቢሮ ነው፣ ዋራንት አለብዎት፣ አሁን ከከፈሉ ይነሳል» የሚል ደዋይ ሌባ ነው። የሚታየው ቁጥር የእውነተኛው ሸሪፍ ቢሮ ቢመስልም። የትኛውም ፍርድ ቤት በስጦታ ካርድ፣ በዜል ወይም በቢትኮይን ማሽን ዋራንት አያነሳም። ዝጉትና ለክለርኩ ራሳችሁ ደውሉ።

---

ዱለስ በር

ስለ ጉዞውና ስለ ዜግነቱ።

አውሮፕላን ላይ ሲወጡ ላይነኳቸው ይችላል። የሚያሰጋው መመለሻው ነው። ዱለስ አየር ማረፊያ ላይ የሚገቡ ሰዎች ስም ከፖሊስ መረጃ ጋር ይታያል። ለትንሽ ጉዳይ የወጣ የካውንቲ ዋራንት ሁሌ በአገር አቀፉ መዝገብ ላይ አይገባም፣ ቢገባም «ከስቴቱ ውጪ አናመጣውም» የሚል ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አንዱ አልፎ ሌላው ይያዛል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚህ ላይ ዕድሉን መሞከር የለበትም። አምስት ሳምንት በቂ ነው፣ ዛሬ ከተጀመረ። ካልደረሰ ትኬቱን አስተላልፉት። አዲሱን ቀጠሮ ከወሰዱ በኋላም ቀኑ ከጉዞው ጋር እንዳይጋጭ፤ ማመልከቻው ላይ የማይገኙበትን ቀን መጥቀስ ይቻላል።

የዜግነቱ ቅጽ መያዝንም መከሰስንም ቲኬትንም ይጠይቃል። ሁለቱም ቲኬቶች ይነገሩ። ለቃለ መጠይቁ ጉዳዩ በምን እንደተቋጨ የሚገልጽ፣ የክለርክ ማህተም ያለበት ወረቀት ይዘው ይግቡ። ያልተዘጋ ዋራንት እያለ ቃለ መጠይቅ መግባት አይታሰብ።

ከሁሉ በላይ፣ ነገሩን ቶሎ ለመጨረስ ብለው «ጊልቲ» እንዳይሉ። ሜሪላንድ ውስጥ «ፒቢጄ» የሚባል አለ፤ ጥፋተኝነት ሳይመዘገብ በገደብ መለቀቅ ነው፣ ሁሉም ሰው ይወደዋል። ለስቴቱ ጥፋተኝነት ባይሆንም በኢሚግሬሽን ሕግ ግን ጥፋተኝነት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። የወንጀል ጠበቃ የኢሚግሬሽን ጣጣውን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 «ፓዲላ» በተባለው ጉዳይ ወስኗል። ጠበቃው ግን ካልተነገረው ላያውቅ ይችላል። የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ ዜግነት አመልክቻለሁ» ይሁን።

---

የታኮማው

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። የሜሪላንዱ በአያት ስም ሲፈለግ ተገኘ፤ የመጨረሻው መስመር «ኢሹድ» ነው። የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ሆኖ ተገኘ፣ ኢንፍራክሽን ነው፣ በሌሉበት ተፈርዷል። ክለርኳ የሜሪላንዱ የዋስ መጠን አልተጻፈበትም ብላናለች። አድራሻቸውን ኤምቪኤ ላይ ቀይረው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ለምን አላወቀም?

---

ሮክቪል ፓራሊጋል

ኤምቪኤ ላይ የተቀየረ አድራሻ በተከፈተ መዝገብ ላይ በራሱ አይገባም። ለእያንዳንዱ መዝገብ፣ ቁጥሩ ተጠቅሶ፣ ለዚያው ፍርድ ቤት ክለርክ በጽሑፍ ይነገራል። የቀየሩበትን ማረጋገጫ ግን ከማመልከቻው ጋር አያይዙት፤ ተደብቀው እንዳልነበር ያሳያል። ለኢሚግሬሽንም በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ነበረባቸው፤ ካላደረጉ አሁኑኑ ያድርጉ።

የፌርፋክሱን የፍርድ ቀን ቁጠሩና 60 ቀን ካላለፈ ለመክፈል አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቁ። የሜሪላንዱን ማመልከቻ ነገ ጠዋት አስገቡ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፣ ክለርኩ በአንዱ ላይ የተቀበለበትን ቀን ማህተም አድርጎ ይመልስላችሁ። ወረቀቱን አንተ ይዘህ ሂድ፤ እሳቸው ፈርመው ከቤት ይቆዩ።

---

የታኮማው

ስሙ በመዝገቡ ላይ የአያት ስማቸው «ላስት ኔም» ሆኖ፣ አንድ ፊደልም ተሳስቶ ነው ያለው። ከነስህተቱ ነው የምጽፈው?

---

ዶኬት አንባቢ

አዎ፣ ከነስህተቱ። ከሥሩ «ትክክለኛ ስሜ ይህ ነው» ብላችሁ ጨምሩ። አስተካክላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ክለርኩ ከመዝገቡ ጋር ላያገናኘው ይችላል፣ ወረቀቱም የሌላ ሰው መስሎ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።